ራይት የተደረገበት ስህተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሥራ ላይ ተጣብቄ ነበር። ደረሰኝ በፒዲኤፍ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እንግሊዝኛውን አሳምሮ ይጽፋል። አማርኛው ጋ ሲደርስ ግን የደንበኛው ስም ይጠፋና ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። "አበበ" ሦስት ሳጥን ሆኖ ይወጣል። "ወለተማርያም" ደግሞ ባቡር ይመስላል።

የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ገብቼ "ፒዲኤፍ አማርኛ" ብዬ ፈለግሁ። ተመስገን! አንድ ልጅ ከእኔ በፊት ይህንኑ ጠይቋል። የላከው ስክሪንሾት ቁርጥ የእኔን ነው። ሁለት ሰዎች "ፎንቱን አይተኸዋል?" ብለውታል። በማግስቱ ራሱ ጠያቂው ተመልሶ እንዲህ ጻፈ፦ "ተፈቷል፣ እናመሰግናለን።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ከሥሩ የላይክ መዓት ተደርድሯል። እንዴት ተፈታ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሱም አልነገረም። በውስጥ ጻፍኩለት። መልሱ ቆይቶ ነው የመጣው፤ እመለስበታለሁ።

ይህን "ተፈቷል" የሚሉትን ቃል ባነሳሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ጉዳይ አለ። አሥር መስመር እንኳን የማይሞላ ኮድ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል "ተፈቷል" ተብሎ ቆየ። ግን ስህተት ነበረበት።

ጥያቄው

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም 2010 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ቦታው ስታክ ኦቨርፍሎው ነው። ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ በ2008 የከፈቱት የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ነው፤ ኮድ ሲጽፍ ለሚያመሽ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። አንድ ሰው ጠየቀ፦ በጃቫ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) የፋይልን መጠን ሰው በሚገባው መልክ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?

ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በባይት ነው። 123,456,789 ባይት ቢሉን ግራ ይገባናል። 123.5 ሜጋባይት ቢሉን ግን ወዲያው ገባን። ጥቅል ገዝተን በየሰዓቱ "ስንት ሜጋ ቀረኝ?" የምንል ሰዎች አይደለን!

አንድ መልስ ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በሉፕ፣ ማለትም አንድን ሥራ እየደጋገመ በሚሞክር ኮድ፣ የሚሠራ ነው። ከትልቁ መለኪያ ይጀምራል፤ ይህ ይበዛበታል፣ ይህም ይበዛበታል እያለ ይወርድና የሚመጥነው ላይ ሲደርስ ይቆማል። የሰፈር ልብስ ሰፊ ዓይነት ሥራ ነው። ይሠራል፣ ግን አያስደምምም።

ይህን መልስ አንድሪያስ ሉንድብላድ የሚባል የጃቫ ባለሙያ አየው። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ያን ቀን ቢሮው ቁጭ ብሎ ሥራውን ትቶ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ነጥብ ይለቅም ነበር። (ያቺን ሰዓት እኔም አውቃታለሁ። አለቃ ስብሰባ ሲገባ የምትገኝ ሰዓት ናት።) ሉፑ አላማረውም። ኪሎ፣ ሜጋ፣ ጊጋ ማለት ሺህ በራሱ እየተባዛ ሲሄድ የሚገኝ ነው። ታዲያ አንድ በአንድ ምን አስሞከረው? ሎጋሪዝም፣ ማለትም ሺህ ስንት ጊዜ በራሱ እንደተባዛ የሚነግረውን ስሌት፣ ከወሰደ መለኪያው በአንድ ምት ይወጣል።

መልሱን በዚሁ ሐሳብ ጻፈ። አጭር፣ ሉፕ የሌለው፣ ሲያዩት "ይሄ ጭንቅላት ነው" የሚያሰኝ። ጠያቂው ራይት አደረገለት። ድጋፉም ጎረፈ፤ በዓመታት ውስጥ ከሺህ አለፈ። መዝገቡ እዚህ ላይ ተዘጋ ማለት ነው።

999,999

እስቲ ይህን ቁጥር ለኮዱ እንስጠውና ወረቀት ላይ እንከተለው።

መጀመሪያ መለኪያውን ይመርጣል። 999,999 የሺህ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? ሎጋሪዝሙ 1.99999986 አካባቢ ይመጣል። ኮዱ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥልና 1 ብቻ ያስቀራል። 1 ማለት ኪሎ ነው። ቀጥሎ ቁጥሩን ለ1,000 ያካፍላል፤ 999.999 ይሆናል። በመጨረሻ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ እንዲቀር ያጠጋጋዋል። 999.999 ሲጠጋጋ ስንት ነው? 1000.0።

ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው "1000.0 ኪሎባይት" ነው። መውጣት የነበረበት "1.0 ሜጋባይት" ነው።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኮዱ መጀመሪያ መያዣውን መረጠ፤ ከዚያ ዕቃው አደገበት። ማጠጋጋቱ ከምርጫው በኋላ ስለመጣ፣ ቁጥሩ ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ሲሻገር መለኪያው አብሮት አልተሻገረም። ከ999,950 እስከ 999,999 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ይህ ያገኛቸዋል። እስከ አንድ ሚሊዮን ካሉት ውስጥ 50 ብቻ ናቸው። ከሜጋ ወደ ጊጋ፣ ከጊጋ ወደ ቴራ ሲሻገርም ያው ይደገማል።

እኔን የሚገርመኝ ስህተቱ አይደለም። ሉንድብላድ ሰነፍ አልነበረም። መልሱ ሥር የውጤት ሰንጠረዥ አስቀምጧል። የሰንጠረዡ መጀመሪያ 0፣ 27፣ 999፣ 1000፣ 1023፣ 1024 ነው። አያችሁ? ድንበሩን ፈትሿል። 999ን እና 1000ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ችግር የት እንደሚደበቅ ያውቃል። ነገር ግን የፈተሸው የመጀመሪያውን ድንበር ነው። እዚያ ደግሞ ማጠጋጋት የለም፤ ከሺህ በታች ያለ ባይት እንዳለ ነው የሚጻፈው። ስህተቱ አንድ ድንበር አልፎ ተቀምጧል። ሰንጠረዡን ያየ አንባቢም "ይኸው ተፈትሿል" ብሎ ያልፋል። እኔም አልፌያለሁ።

ሌላም ነበረበት። ቁጥሩ በጣም ትልቅ ሲሆን፣ ለምሳሌ 999,949,999,999,999,999 ላይ ሲደርስ፣ ኮምፒውተሩ አስርዮሽ የሚይዝበት መንገድ ራሱ ቁጥሩን በትክክል መሸከም ያቅተዋል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ሲሰጠው ደግሞ ምንም ሳይቀይር ባይት ብሎ ያልፈዋል።

የዚህን ስህተት ክብደት ማጋነን አልፈልግም። 1000.0 ኪሎባይትን አንብቦ የተጎዳ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማንም ሳያማርር አሥር ዓመት መቆየቱም አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የሚያስጮህ ስህተት ቶሎ ይያዛል፤ እንዲህ ያለው ነው የሚያረጀው።

ራይቱ የማን ነው?

እኛ ትምህርት ቤት ራይት የሚያደርገው አስተማሪ ነው። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ በየዴስኩ ይዞራል፤ ራይት ያደረገው ትክክል ነው፣ ኤክስ ያደረገው አይደለም። አለቀ። ደብተራችን ላይ ያየነው ምልክት የሚያውቅ ሰው ፍርድ ነበር።

ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ራይት የሚያደርገው ጠያቂው ነው። ያላወቀው፣ ግራ የገባው፣ ስለማያውቅ የጠየቀው ሰው! ተማሪው አስተማሪውን ያርማል እንደማለት ነው። ሲጠየቁ እነሱም አይክዱም። የራሳቸው መመሪያ እንደሚለው ምልክቱ መልሱ እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም፤ ለጠያቂው ሠርቶለታል ማለት ብቻ ነው።

ማን አንብቦት? አረንጓዴ ምልክት ያየ ሰው የሚያስታውሰው ያንን ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ነጥቡም ይገፋፋል። ራይት የተደረገለት ሰው 15 ነጥብ ያገኛል። ራይት ያደረገው ጠያቂ ራሱ 2 ይሰጠዋል። ጥያቄ ከተጠየቀ 15 ደቂቃ ካልሞላው ራይት ማድረግ አይቻልም፤ ከዚያ በኋላ ግን በ16ኛው ደቂቃ መዝጋት ይቻላል። 16 ደቂቃ ውስጥ 999,950ን ማን ይሞክራል? ጠያቂው የራሱን ሁለት ሦስት ፋይል ይሞክራል፣ ያምርለታል፣ ይሄዳል። ጥፋተኛ ልለው አልችልም። የእሱ ችግር እኮ በእውነት ተፈቷል።

እስከ 2021 ድረስ ደግሞ ራይት የተደረገበት መልስ ከሥሩ የበለጠ ድጋፍ ያለው ሌላ መልስ ቢኖርም አናቱ ላይ ይሰቀል ነበር። በነሐሴ 2021 ይህን አነሱት። ምልክቱ አለ፣ አናት ላይ መሰቀሉ ግን ቀረ። ያረጁ መልሶች ዘላለም ከላይ ተቀምጠው ሰው ያሳስቱ ስለነበር ነው። እኔ ጥሩ አደረጉ ባይ ነኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመት መፍጀቱ ግን ይገርማል።

እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ይህም ለውጥ አይረዳም ነበር። አንዱ ጠያቂም፣ ከሺህ በላይ የሆነው ሕዝብም የመረጡት ያንኑ መልስ ነው። ሰው ሲበዛ ስህተት ይታያል ይባላል። እዚህ ላይ ሰው በበዛ ቁጥር የተመለከተው ሰው ያነሰ ይመስለኛል። ሺህ ሰው ያለፈበትን ድልድይ ማን ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል?

ኩረጃው

ስምንተኛ ክፍል ሳለን አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። ኮራጅ ለመያዝ አይዞሩም፤ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነባሉ። ወረቀቱን ሲያርሙ ነው የሚይዙን። "ትክክለኛ መልስ ብትጽፉ አልይዛችሁም፤ ስህተታችሁ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው" ይሉ ነበር። ጎበዙ ተማሪ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ከተሳሳተ ረድፉ በሙሉ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይሳሳታል።

በ2018 ሴባስቲያን ባልተስና ስቴፋን ዲል የሚባሉ የጀርመን ትሪር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሥራ አሳተሙ። ከስታክ ኦቨርፍሎው የጃቫ ኮዶችን ወሰዱ፤ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሃብ ላይ ካሉ ክፍት ፕሮጀክቶች ጋር አመሳከሩ። ማን ከማን ኮረጀ? ከስታክ ኦቨርፍሎው በብዛት የተቀዳው ጃቫ ኮድ የትኛው ሆነ? የሉንድብላድ የባይት ኮድ።

በሕጉ መሠረት ከዚያ የተወሰደ ኮድ ምንጩ መጠቀስ አለበት። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት በአግባቡ ምንጭ የተጠቀሰለት ቢበዛ ሩብ ያህሉ ነው። ከጠየቋቸው ፕሮግራመሮች ግማሽ ያህሉ ምንጭ ሳይጠቅሱ መቅዳታቸውን አምነዋል። ሁለት ሦስተኛ ገደማው ደግሞ እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩንም አያውቁም።

ከተቀዳባቸው ቦታዎች አንዱ ኦፕንጄዲኬ ነው፤ ጃቫ ራሱ የሚሠራበት ፕሮጀክት። ሉንድብላድ ራሱ በአንድ ወቅት የጃቫ ባለቤት በሆነው ኦራክል ውስጥ በዚሁ ፕሮጀክት ላይ ሠርቷል፤ ኮዱን እዚያ ያስገባው ግን እሱ አይደለም። የጻፍከው ነገር ዞሮ ዞሮ የድሮ ቤትህ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቅህ አስቡት።

ሰዎች ምንጭ መጥቀስን እንደ ምስጋና ነው የሚያዩት። አክብሮት ነው፣ ቢቀርም ግድ የለም ይላሉ። ለእኔ ግን ስልክ ቁጥር ነው። በ2019 መጨረሻ ሉንድብላድ ስህተቱን ራሱ በዝርዝር ጻፈው፤ መልሱንም አረመው። ግሩም ነው። ግን የታረመው አንድ ቦታ ላይ ያለው ነው። በየፕሮጀክቱ የተለጠፈው በየቤቱ እንዳለ ቀረ። ከኮዱ በላይ አንድ መስመር አስተያየት፣ አንድ ሊንክ ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ቀን ኮዱን የከፈተ ሰው ተጭኖት "ኧረ ይሄ ተስተካክሏል!" ይል ነበር። ሊንኩ ከሌለ ኮዱ አባቱ የማይታወቅ ልጅ ነው። "ተፈቷል" የሚለው ወሬ ከኮዱ ጋር ሄዷል፤ እርማቱ ግን የሚከተልበት መንገድ የለውም።

የሉንድብላድን ጽሑፍ ያነበብኩ ዕለት የራሴን አሮጌ ፕሮጀክቶች ፈተሽኩ። የፈንክሽኑን ስም ጽፌ መፈለግ ብቻ ነው፤ ስሙንም አብሬ ነበር የቀዳሁት። ሦስተኛው ፎልደር ውስጥ ተገኘ። ክፍተቶቹ ሳይቀሩ አንድ ናቸው። ምንጭ? የለም። ከላይ የጻፍኩት አስተያየት ይኸውና፦ "መጠን ለማሳየት"። እግዜር ይይልህ አልኩ ለራሴ።

የእርማቱ ነገር ደግሞ ያስቃል። ሉንድብላድ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላው ተከፈተ፤ ያንን ሲደፍን አስርዮሹ መጣ። አሁን ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ያለው የታረመ ኮድ ውስጥ ምን አለ? ሉፕ! ያ ያላማረው ሉፕ ተመልሶ ገብቷል። ራሱም በጽሑፉ ላይ አልደበቀም፤ ጥግ ጥጉ ሁሉ ሲስተካከል ኮዱ ከመጀመሪያው ይልቅ ለማንበብ ከበደ ብሏል። መልሱም አናት ላይ አሁን በራሱ እጅ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፦ እዚህ የነበረው ኮድ በብዛት የተቀዳ የጃቫ ኮድ ነበር፣ ስህተትም ነበረበት የሚል። አረንጓዴው ራይት ጎኑ ላይ ነው።

ለዚህ ሰውዬ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ዝም ብሎ አርሞ ቢያልፈው ማን ያውቅበት ነበር?

ወደ ሳጥኖቹ ስንመለስ

የእኔ ፒዲኤፍ ጉዳይ ሲጣራ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ፒዲኤፍ ይዟቸው የሚመጣ መደበኛ ፎንቶች አሉ፤ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ ፊደሉ ያለበትን ፎንት ራስህ ፋይሉ ውስጥ መክተት አለብህ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከተትኩ። "አበበ" ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ አለኝ። ያ ልጅ እንዳደረገው አላደርግም ብዬ የትኛው ፎንት እንደሆነ፣ ኮዱ የት መስመር ላይ እንደሚገባ አንድ በአንድ ጽፌ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። መጨረሻ ላይም በኩራት "ተፈቷል" አልኩ።

በማግስቱ ደንበኛው ደወለ። "ስሙ መጥቷል፣ ርዕሱ ግን አሁንም ሳጥን ነው።" የከተትኩት ቀጭኑን ፎንት ብቻ ነበር። ርዕሱ ደማቅ ነው። ደማቁ ለብቻው መከተት ነበረበት። ትናንት ስፈትሽ ያየሁት ስሙን ብቻ ነበር፤ ያስጨነቀኝ እሱ ነበራ።

ግሩፑ ውስጥ ተመልሼ ጽሑፌን አስተካከልኩ። በዚያች አንድ ቀን ውስጥ ስንት ሰው ቀድቶት እንደሄደ እንጃ።

የዚያ ልጅ መልስ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። "ይቅርታ ወንድሜ አሁን ነው ያየሁት። እንዴት እንደፈታሁት አላስታውስም። አንድ ኮድ ለጥፌ ነው የሠራው። ከስታክ ኦቨርፍሎው መሰለኝ፣ ራይት ያለበትን ነው የወሰድኩት።"

ርዕሱስ፣ ደማቁ፣ ይወጣልሃል ወይ አልኩት።

"ቆይ ልየው" አለኝ።